ስለ አንደኛ ክፍል መምህርታችን ሞትና ስለ ስም ጥሪያቸው የወጣ የሐዘን መግለጫ

የትምህርት ቤታችን መምህራን ኮሚቴ፣ ልጆቹ «እማማ ጠመኔ» የሚሏቸው የአንደኛ ክፍል መምህርታችን ባደረባቸው ሕመም ባለፈው ማክሰኞ በማረፋቸው የተሰማውን መሪር ሐዘን ይገልጻል። ሐዘን ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚሁ እናበቃ ነበር፤ ግን ደማችን ፈልቷል።

መምህርታችን ለሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ክፍል አስተምረዋል። ጠዋት ስም ሲጠሩ ልጆቹ እንደየራሳቸው ይመልሱላቸው ነበር፦ አንዱ ያፏጫል፣ አንዷ እንደ አውራ ዶሮ ትጮኻለች፣ አንዱ ደግሞ «ገና አልነቃሁም!» ይላል። መናገር የማትችለው የጥበቃው የልጅ ልጅ ዴስኳን ሁለት ጊዜ ታንኳኳለች። ዓመቱን ሙሉ፣ በየቀኑ እንዲህ ነበር።

ባለፈው ዓመት ርዕሰ መምህሩ ልጅ ሁሉ በአንድ ድምፅ «አቤት» እንዲል ሰርኩላር አወጡ። በምትኩ በዓመት አንድ ቀን «የልዩነት ቀን» ተብሎ ተሰጠ፤ ለዚያም ቀን ሁሉም አንድ ዓይነት ቢጫ ቆብ እንዲያደርግ ታዘዘ። ጉድ እኮ ነው!

መምህርታችን አሻፈረኝ አሉ። በዚሁ ጦስ ወደ ንብረት ክፍል ተዛውረው ከመጥረጊያና ከባልዲ ጋር ዋሉ። ዴስኳን የምታንኳኳዋም ልጅ «አቤት» ስላላለች፣ ዓይናችን ሥር ተቀምጣ አርባ አንድ ቀን «ቀሪ» ተባለች፤ በመቅረት ብዛትም ተሰናበተች። በሩን የዘጉባት፣ ታዘው፣ የገዛ አያቷ ናቸው። መዝገቡን የሞላነው ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን እኛው ነን። ለእንጀራችን ፈርተን ዝም አልን፤ እናፍራለን።

መምህርታችን «ልጅቷን መልሱ» እያሉ ሰባት ደብዳቤ ጽፈዋል። የመጨረሻውን የጻፉት ከሆስፒታል አልጋ ላይ ነው። ለአንዱም መልስ አልተሰጣቸውም።

በቀብራቸው ዕለት ርዕሰ መምህሩ የሕይወት ታሪካቸውን ሊያነቡ ተነሥተው «ምስጉን መምህርት» አሉ፤ ዓይናቸውን በጨው አጥበው! ገና የመምህርታችንን ስም ሲጠሩ ልጅቷ ከአያቷ እጅ አምልጣ የሳጥኑን ክዳን ሁለት ጊዜ አንኳኳች። «ያዙልኝ እቺን ልጅ!» አሉ ርዕሰ መምህሩ። ማንም አልያዛትም።

ለሴት ልጃቸው፣ ለእህቶቻቸውና ላስተማሯቸው ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። አርባ አንዱን «ቀሪ» ዛሬ ሰርዘን ፈርመንበታል። ልጅቷ ሰኞ ጠዋት ትገባለች። በሩን የሚከፍቱላት አያቷ ናቸው፤ ከሥራ የሚያባርራቸው ካለ ከኋላቸው ተሰልፈን ያገኘናል።