ሐይቁ ላይ ስለታሸገችው ጎጆዬ

ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2004

ለክብርት ዳኛ ማርጂት ሊንድክቪስት
ሃልቨርሰን ካውንቲ ፍርድ ቤት፣ ዊስኮንሲን

ጉዳዩ፦ በረዶው ሳይቀልጥ ጎጆዬን ከሐይቁ ላይ እንዳወጣ እንዲፈቀድልኝ ስለመጠየቅ

አመልካች ራንዲ ስኮግስታድ እባላለሁ፤ ዕድሜዬ 23 ነው። ትምህርት ከዘጠነኛ ክፍል አቋርጫለሁ፤ ግን የግዛታችን ሕገ መንግሥት ስለ መሣሪያ የሚለውን በቃሌ ስለምወጣው ጠበቃ አላስፈለገኝም። በዓሣ ማጥመድም እዚህ ሐይቅ ላይ የሚስተካከለኝ የለም።

1. ጎጆዬ በረዶ በሆነው ሐይቅ ላይ የቆመች፣ ለመጎተት ከሥሯ ሸርተቴ ያላት ናት። ወለሏ ላይ በረዶውን አልፎ እስከ ውሃው የሚዘልቅ የማጥመጃ ቀዳዳ አላት፣ በሯ ላይ «ለማጥመጃ የሚሆን ትንንሽ ዓሣ አለ» ብዬ ጽፌያለሁ። ስለዚህ ሱቅ ናት። ጠቅላይ ፍርድ ቤታችን ደግሞ ባለፈው ጁላይ፣ ባለሱቅ በገዛ ሱቁ ሽጉጥ ደብቆ መያዝ ይችላል ብሏል። ውሳኔውን ሙሉውን አላነበብኩም፤ የሚጠቅመኝን ግን አንብቤያለሁ።

2. ጃንዋሪ 24 ቀን ትምህርት ቤት አብሮኝ የነበረው ምክትል ሸሪፍ ኦርቪል ትዌት ዓሣ ሊገዛ ገባ። ጎንበስ ብዬ ስጨልፍለት የአያቴ ሽጉጥ ከደረቴ ሾልኮ ቀዳዳው ውስጥ ገባ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለኝ።

«ቁልፍ ነው።»

«ራንዲ፣ ቁልፍ እንዲህ አይረጭም። ሱሪዬን እኮ አራስከው።»

ወንድ ስለሆንኩ እውነቱን ነገርኩት።

3. ኦርቪል እንደሚለው በግልጽ ብታጠቀው ጥፋት የለብኝም፤ ካፖርት ስደርብበት ነው ወንጀል የሚሆነው። የዚያን ቀን ብርዱ ምራቅ ያደርቅ ነበር። የደበቀው ብርዱ ነው፣ ብርዱን ይክሰስ።

4. ሸርተቴ ያለው ነገር ሱቅ አይባልም ብሎ ጎጆዬን አሸጋት። ሽጉጡ ከሥሯ ስለሆነ ምልክት እንድትሆን እስከ ቀጠሮው፣ እስከ ኤፕሪል 14 ትቆይ አለ። ኤፕሪል 14 ሐይቁ ላይ የሚቆመው ዳክዬ ብቻ ነው። ጎጆዋን የሠራናት ከአባቴ ጋር ነው። ምድጃዋን እሱ በየደ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አልበየደም፣ አርፏል።

5. በየዓመቱ አሮጌ መኪና በረዶው ላይ አቁመን የሚሰጥምበትን ቀን እንገምታለን፤ ያወቀ አንድ ሙሉ የአሳማ ጭን ይወስዳል። ዘንድሮ መኪና ጠፋና መጠጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ስማችንን በገመትነው ቀን የምንጽፍበት ካላንደር የጎጆዬ መስጠሚያ ሆነ። እናቴ ማርች 22ን ይዛለች። ብቆጣት «መስጠሟ ካልቀረ ሥጋው እንኳ ቤታችን ይግባ» አለችኝ። ኦርቪል ማርች 19ን ይዟል። ኤግዚቢት ጠባቂው ኤግዚቢቱ እንዲሰጥም ተወራርዷል ማለት ነው፤ ይህ በየትኛውም ሕገ መንግሥት ነውር ነው።

ስለዚህ ክብርት ዳኛ፣ ጎጆዬን ጎትቼ እንዳወጣ እንዲፈቅዱልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ቦታውን ለክቼ ወረቀት ላይ አሰፍርላችኋለሁ፤ በጋ ሲሆን ራሴ ጠልቄ ሽጉጡን አወጣለሁ፤ ትንፋሼ የታወቀ ነው።

ትእዛዙ ከማርች 17 በፊት ቢደርሰኝ ደስ ይለኛል። ካላንደሩ ላይ በዚያ ቀን «ማርጂት ኤል.» የሚል ስም ተጽፏል። ከተማችን ውስጥ ሌላ ማርጂት አላውቅም፤ ቢሆንም እርስዎ ነዎት ብዬ አልከስም።

ከታላቅ አክብሮትና ከሐይቅ ዳር ሰላምታ ጋር፣

ራንዲ ስኮግስታድ (ፊርማ)