ስለ ገራዶ ውሃ የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለወርቅነሽ፤ አርባ ምንጭ።

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? የአርባ ምንጭ ሙቀት አሻለው ወይስ ያው ነው? ጋሽ ይርጋ የደም ግፊቱን መድኃኒት ሳያቋርጥ ይወስዳል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ የደሴ ብርድ እየቆነጠጠን አለን። ሰውነቴ ደህና ነው፤ ደህና ያልሆነው ሆዴ ነው፣ እሱም በቅናት።

ጸጋውን ታስታውሽዋለሽ፤ እኔ ሥራ ያስለመድኩት፣ ሽሮሽን ሦስት ጊዜ ያስጨመረው። ለውሃ ድርጅታችን የኮምቦልቻ ቢሮ ኃላፊነት የታጨነው እኔና እሱ ነበርን። ውጭ ያሉት ለጋሾች የሚያውቁን በእንግሊዝኛ ሪፖርታችን ብቻ ነው። እኔ «ቦኖው በሄድኩበት ቀን ለሁለት ሰዓት ውሃ ሰጥቷል» ብዬ እጽፋለሁ። እሱ ግን ገና ቱቦው ሳይቀበር «የአካባቢውን የውሃ ችግር በዘላቂነት የፈታው ሥራችን» ብሎ ይጀምራል። ፈታ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ መፍታቱ ያለቀ የደቀቀ ነገር ተደርጎ ነው የሚጻፈው። ለእሱ ምስጋና ይመጣል፣ ለእኔ ጥያቄ። ከሃያ ስምንት ዓመት ሥራ በኋላ በአንድ ሐረግ ስበለጥ ደሜ ፈላ።

አልዋሽሽም፣ እኔም ሞከርኩት። የገራዶውን ቦኖ ሪፖርት ስጽፍ «ውጤታማነቱ የተረጋገጠው»፣ «ሴቶችን ከወረፋ የገላገለው» እያልኩ ደረደርኩ። እንግሊዝኛው አማረ። ሳነበው ራሴንም አሳመነኝ።

በደንባችን ሪፖርቱ ከመላኩ በፊት ለውሃ ኮሚቴው በአማርኛ ይነበብና ሰብሳቢዋ ትፈርማለች። ጸጋው «ለአንድ ፊርማ ይሄን ሁሉ ማንበብ?» እያለ ዝም ብሎ ያስፈርማል። እኔን ታውቂኛለሽ፣ ሳላነብ አላስፈርምም። ባለፈው ወር ገራዶ ሄጄ ለሰብሳቢዋ ለወይዘሮ የምስራች እዚያው ቦኖው አጠገብ ማንበብ ጀመርኩ። «ከወረፋ የገላገለው» የሚለው ላይ ስደርስ ዞራ የተደረደረውን ጀሪካን አየችና፣ «ኧረ ጋሼ! እኔ ከንጋት ጀምሮ እዚህ የተገተርኩት ለፎቶ ነው?» አለችኝ። ሴቶቹ ሳቁ። አንዷማ «ወረቀቱን ይጭመቁት እስቲ፣ ውሃ አያጣም» አለች። በእንግሊዝኛ ያላፈርኩበት ነገር በአማርኛ ጆሮዬን አነደደው።

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሰረዝኩት። «ውሃው በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፤ ሴቶች አሁንም ይሰለፋሉ» ብዬ ጻፍኩ፣ አነበብኩላት፣ ፈረመች። በሁለተኛው ሳምንት የኮምቦልቻው ወንበር ለጸጋው ተሰጠ።

«እንኳን ደስ ያለህ» ያልኩት ጥርሴን ነክሼ ነው። አትምከሪኝ፤ ወንበሩን አሁንም እፈልገዋለሁ፣ ሲቀመጥበት ሳየው ምሳዬ አይወርድልኝም። ትናንት ደግሞ እንደተለመደው ከለጋሾቹ ለእኔ ጥያቄ መጣ፤ «ውሃው ለምን በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ሆነ?» ይላል። ነገ ሐሙስ መሐንዲስ ይዤ ገራዶ እወርዳለሁ። ጸጋው ስላሠራቸው ስድስት ቦኖዎች ግን እስካሁን የጠየቀ የለም። በዚህ እንኳ እሱ ይቅናብኝ።

ለጋሽ ይርጋ የአክብሮት ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ልጅሽን ጽናትን ግንባሯን ሳሚልኝ። እህቷ ፋሲካም የእንግሊዝኛ ድርሰቷን ለመምህሯ ከመስጠቷ በፊት ለአንቺ በአማርኛ ታንብብልሽ። ባለቤቴ ተናኘ «ለፋሲካ በዓል ካልመጣችሁ እቀየማለሁ» ብላለች።

ወንድምሽ አግማስ
ደሴ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.