ሠላሳ ሦስት ሳንቲሜትር

ውድ እታለም፣

ባለፈው ሳምንት ደውዬ «ወለል ላይ ስትቀመጪ ከመሬቱ እስከ ክርንሽ ስንት ነው?» ብዬ ስጠይቅሽ፣ «ምን ነካህ ማሙሽ፣ ሣጥን ልታሠራልኝ ነው? ገና አልሞትኩም እኮ!» ብለሽ ሳቅሽብኝ። እኔም አብሬሽ ስቄ፣ ልኩን ጽፌ፣ ስለ ዝናቡ ጥቂት አውርተን ተሰነባበትን። ልነግርሽ የፈለግኩት ግን ሌላ ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ተመለሰ። በስልክ ያቃተኝን በወረቀት ልሞክረው ብዬ ነው የተቀመጥኩት፤ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ነገሩ የጀመረው ቤት ስንቀይር ነው። የአዲሱ ቤታችን ሳሎን ጠባብ ነው። አሮጌው ጠረጴዛችን ደግሞ ደረጃው ላይ ከተሸካሚዎቹ እጅ አምልጦ ሁለት እግሩ ተሰበረ። ባለቤቴ ቅንጣት አላዘነችም። ይህን ቀን ስትጠብቅ የኖረች ይመስል ስልኳን አውጥታ አንድ ፎቶ አሳየችኝ። የጃፓን ቤት ነው፤ ባዶ ክፍል፣ መሃሉ ላይ ከጉልበት ዝቅ ያለ ጠረጴዛ፣ ዙሪያውን ትራስ።

«እንዲህ ያለ ነው የምፈልገው» አለች። «ወንበር የለ፣ መተላለፊያ የሚዘጋ ነገር የለ። ሻይም ራትም እዚሁ።»

«ሰው እንዴት መሬት ላይ ተቀምጦ ይበላል?» አልኳት። መጮሄን እኔም ሰማሁት።

«ምን ነውር አለው?»

 የጮህኩበት ቃል የእኔ አልነበረማ። የአባባ ነው።

ስድስት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ካንቺ ጋር ወለሉ ላይ ነበር የምበላው። እግሮችሽ አልታዘዝ ካሉሽ ጀምሮ ቤቱን የምትዞሪው በመዳፎችሽ እየተደገፍሽ ነበር፤ እኔ በሁለት እግሬ ሮጬ አልደርስብሽም። ፊደል የቆጠርኩትም ጠረጴዛው ሥር፣ ካንቺ ጎን በሆዴ ተኝቼ ነው። ከዚያ አንድ ቀን አባባ ብብቴን ይዞ አነሣኝና ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። «አሁን ትልቅ ሰው ሆነሃል። ሰው መሬት ላይ ተቀምጦ አይበላም» አለኝ። እኔም ኮራሁ። እማማ ጎንበስ ብላ ሳህንሽን ስታቀብልሽ፣ እኔ እላይ ሆኜ እግሬን አወዛውዛለሁ፤ ጫማዬ ፊትሽን ሊመታሽ ምንም አልቀረው። ፊትሽን ዘወር አደረግሽ።

ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ይሁን። የባለቤቴ ወላጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ራት የመጡ ዕለት ግን ልጅ አልነበርኩም። አባባና እማማ ካለፉ በኋላ ሬዲዮ እየጠገንሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ትምህርት ጨርሼ፣ አስተማሪ ተብዬ፣ ለእጮኛዬ ምን አልኳት መሰለሽ? «እህቴ ሌላ ከተማ ናት።» እንግዶቹ ሊመጡ አንድ ሰዓት ሲቀራቸው ክፍልሽ ገብቼ «እታለም፣ ዛሬ ትንሽ ደክሞሽ እንደሆነ…» ብዬ ስጀምር አላስጨረስሽኝም። «ሥራ አለብኝ፤ በሩን ዝጋልኝ» አልሽ። ዘጋሁት።

ራት መሃል ከክፍልሽ የሬዲዮ ድምፅ መጣ፤ ጠግነሽ ስትሞክሪው ነበር። የባለቤቴ እናት ጆሯቸውን ቀና አድርገው «ማነው ሬዲዮ የሚነካካው?» አሉ። «የጎረቤት ነው» አልኩ። ሬዲዮው ወዲያው ጠፋ። መስማትሽን ያወቅኩት ያኔ ነው።

በወሩ ዕቃሽን ሸክፈሽ ወደ ጓደኛሽ ከተማ ሄድሽ፣ እዚያ ሱቅ ከፈትሽ። ውሸቴን እውነት አደረግሽልኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላነሣሽብኝም። ብትሰድቢኝ ይቀለኝ ነበር።

ወደ ጠረጴዛው ልመለስ። ባለቤቴ ካለች አለች ነው፤ ሦስት ቀን ሱቅ ለሱቅ አዞረችኝ። አንዱ መስታወት ነው፣ አንዱ ሲቀመጡበት ደረት ይደርሳል። ፊት የሚያሳይ ጥቁር ቀለም የተቀባ አንድ አገኘንና ደስ ሲለን፣ ሻጩ «ይኼ ለዓይን ነው፤ አይበላበትም» አለን።

«ታዲያ ልንሰግድለት ነው?» አለችው ባለቤቴና ወጣን።

በመጨረሻ አናጢ ዘንድ ሄድን። ሠፈሩ ሁሉ «ሚሊሜትር» ነው የሚላቸው፤ ትልቅ ሰው ናቸው፣ እርሳሳቸው ከጆሯቸው ላይ አይወርድም። ፎቶውን ከመነጽራቸው በላይ አዩት፣ ከመነጽራቸው በታች አዩት።

«እግሩ ካጠረ እንጨቱ ለእኔ ይተርፋል፤ እኔን ደስ ይለኛል» አሉ። «ግን ማን ማን ነው የሚቀመጥበት?»

«እኔና እሱ» አለች ባለቤቴ።

«ፎቶ ለክቼ አልሠራም። ጠረጴዛ የሚለካው በሰው ነው። ከቤተሰባችሁ ወለል ላይ መቀመጥ የለመደ ሰው አለ?»

«እህቴ» አልኩ።

ከአፌ እንዴት እንደወጣ እንጃ። ባለቤቴ ዞራ አየችኝ። ሚሊሜትር ግን ምንም ሳይመስላቸው «እንግዲያው የእሷን ልክ አምጡልኝ» ብለው ወደ መጋዛቸው ተመለሱ።

መንገድ ላይ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። እግርሽን፣ በሩን፣ «የጎረቤት ነው» ያልኩትን። አስፋልቱ ዳር ቀጥ ብላ ቆመች። «እዚያው ቤት ውስጥ ነበረች?» አለችኝ። «እኛ ስንስቅ?» ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከሥራ በፊት ካፖርቷን እየቆለፈች፣ «ደውልና ልኩን ጠይቃት። ግን እሱን ብቻ ጠይቀህ እንዳትዘጋው» አለች።

እኔ ደግሞ ያንኑ ብቻ ጠይቄ ዘጋሁት።

«ለጠረጴዛ ነው» ስልሽ፣ «ሠላሳ ሦስት ሳንቲሜትር» አልሽኝ፣ ቶሎ። «የሱቄን የሥራ ጠረጴዛ ያሠራሁት በዚያ ነው። መሳቢያ እንዳታስደርግበት፤ ጉልበት ይመታል።» አየሽ፣ ለማን እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቂ መከርሽኝ።

ጠረጴዛው ትናንት ከሰዓት በኋላ መጣ። መሳቢያ የለውም። ማዕዘኖቹን ሚሊሜትር ሞርደው እንደ እንቁላል አለስልሰዋቸዋል። ባለቤቴ ትራሱን ደረደረች፣ እኔም ልሞክረው ተቀመጥኩ። እግሬን የማደርግበት ጠፋኝ! ባጥፈው ይደነዝዛል፣ ብዘረጋው ወዲያ ማዶ ይወጣል። «እንደ ግመል ነው የምትቀመጠው» ብላ ባለቤቴ ሳቀች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነው።

ሻዩን ይዛ ስትመጣ ቀድሜ ያየሁት ጉልበቷን ነው። ፊቷን ለማየት አንገቴን መስበር ነበረብኝ፤ ዝቅ ብላ እስክትቀመጥ ጠበቅኩ። እታለም፣ ዕድሜሽን ሙሉ እንዲህ ነው የጠበቅሽን? አጠገባችን እየኖርሽ፣ ፊታችን እስኪወርድልሽ? ሻዬ ሳልጠጣው በረደ። ባለቤቴ አይታ ሌላ ቀዳችልኝ።

አጠፋሁ፣ እህቴ። አፍሬብሽ ነበር። በእግርሽ ያፈርኩ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የፈራሁት፣ ያንቺ ወንድም ከሆንኩ እኔም ዝቅ እንዳልል ነው። እንዲያ ያለ ፍርሃት የማንም ሰው ይሁን፣ አንቺ ያሳደግሽው ሰው ግን ሊኖረው አይገባም ነበር። ይቅር በይኝ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ከትምህርት ቤት በፊት አማቴ ዘንድ ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው። ያባርሩኛል ብዬ ነበር። ሹራባቸውን እየሠሩ ሰሙኝና ክሩን ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«የጎረቤት ሬዲዮ እንዲያ እጅ ላይ ያለ ያህል አይሰማም ብዬ ነበር» አሉ። «ወጣት ነው፣ የሚያፍርበት ነገር አለው፣ ቀን ሲደርስ ይናገራል ብዬ ተውኩት። ዘገየህ ልጄ። በል አሁን ሂድና አምጣት።»

ስለዚህ ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ ልወስድሽ እመጣለሁ። እሑድ ራት አማቾቼ እኛ ቤት ናቸው። ማንም ሳህን ከመንካቱ በፊት «እህቴ ናት፤ ያሳደገችኝ» ብዬ እናገራለሁ። የባለቤቴ አባት ወገባቸውን ስለሚያማቸው ከግድግዳው ጋር የሚደገፉበት ትራስ ተዘጋጅቷል። ባለቤቴ «ፊቷን ሳላያት በስልክ ድምፅዋን የለመድኩት ይበቃል በልልኝ» ብላለች።

ለመምጣት ልብሽ ካልፈቀደ አላስገድድሽም። «ገና ነኝ» በይኝ። እኔ ግን ቅዳሜ መምጣቴ አይቀርም፤ ሱቅሽ ወለል ላይ፣ ዕቃሽን ገፋ አድርገሽ ቦታ ስጪኝና ምሳ አብረን እንብላ።

የእናትሽ ልጅ፣
ታናሽ ወንድምሽ