ከጋላክሲው ደብዳቤ የዘለልኳቸው አራት መስመሮች

ገዳሪፍ፣ ጥር 20 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለሙሉዬ፣

የሆላንድ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ስለ ጋላክሲዎች የጻፍሽልኝ ደርሶኝ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ የእጅ ጽሑፍሽ ግን አሳፍሮኛል።

የገባኝን ልድገምልሽ፤ ከተሳሳትኩ አርሚኝ። ከባዱ ጋላክሲ ከዋክብቱን ቀድሞ፣ ቶሎ ቶሎ ይወልድና ጋዙ ሲያልቅበት አብዛኛውን ጊዜ ያቆማል። ትንሹ ቀስ እያለ እስከ ዛሬ ይወልዳል። ዛሬ ከሚወልዱት መካከል ትልቁ በሚወልዳቸው ከዋክብት ቁጥር ቢበልጥም፣ ከራሱ ክብደት ጋር ሲመዘን ትንሹ ይበረታል።

ይህ ትምህርት ባለፈው እሑድ የሚጠቅመኝ መስሎኝ ነበር።

ሚስታቸው የሞቱባቸውን አጭሩን የወፍጮ ቤት ሰው፣ አቶ ጋረደውን ታውቂያቸዋለሽ። ለጋብቻ ሽማግሌ ላኩብኝ! በስድሳ አራት ዓመቴ! አቶ ላቀውና አቶ ቱርካ መጡ። ከራኩባው፣ ከሣር ዳሱ ጥላ ግቡ ብላቸው፣ "መልስ ሳንሰማ አንቀመጥም" ብለው ፀሐይ ላይ ተገተሩ።

በደፈናው እምቢ ከማለት ብዬ ደብዳቤሽን አነበብኩላቸው። "እኔ ትልቁ ጋላክሲ ነኝ። አምስት ወልጄ አሳድጌአለሁ፤ ጋዜ አልቋል" አልኩ።

አቶ ላቀው አሰቡና፣ "ጋረደው ግን ትንሹ ነው፤ ገና አላለቀበትም" አሉ።

አቶ ቱርካ ወረቀቱን አጮልቀው ያያሉ። በስድሳ ስምንት ዓመታቸው፣ ባለፈው ክረምት ነው ፊደል ያስቆጠርኳቸው።

"የኔታ፣ ከታች አራት መስመር ቀርቷል።"

"አያስፈልግም።"

"ጽሑፍ ከግማሽ አይቆረጥም ብለው ጣቴን በማስመሪያ የመቱኝ እርስዎ አይደሉም?"

ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ላባቸው እየተንጠባጠበ፣ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፦ "አንዳንዴ... መውለድ ያቆመ ትልቅ ጋላክሲ... ጋዝ ያለው ትንሽ ጎረቤት ሲዋሐደው... ለጥቂት ጊዜ... እንደገና ያበራል።"

ሩብ ሰዓት ፈጀባቸው። አንድ ፊደል አልሳቱም። ኮራሁባቸው፤ ተናደድኩባቸውም።

አቶ ላቀው ወደ ወፍጮ ቤቱ እየጠቆሙ፣ "ጎረቤት! አጥር ለአጥር! ኸላስ፣ አለቀ!" አሉ።

ሙሉዬ፣ አባትሽ ካረፈ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እሱን የሚተካ የለም፤ በዚህ ማንም እንዲያርመኝ አልፈልግም። አቶ ጋረደው ግን የምናገረውን እስከ መጨረሻው ይሰማሉ። ይህን እዚህ አገር ሌላ ሰው ሲችለው አላየሁም። ያንቺ ቃል ሳይደርሰኝ ቀን እንደማልቆርጥ ለሽማግሎቹ ነግሬአቸዋለሁ። ቅር ካለሽ በግልጽ ጻፊልኝ።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። "ለጥቂት ጊዜ" ያልሽው በእናንተ በከዋክብት ተመራማሪዎቹ ቆጠራ ስንት ዓመት ነው? ቁርጡን ንገሪኝ። ለዕውቀት ያህል ነው።

ሰማዩን የዘረጋ ጌታ ዓይንሽን ይጠብቅልኝ፤ እጅ ጽሑፍሽንም ያቃናልኝ።

እናትሽ አሰጋሽ

ሽማግሎቹን መርሳቴ ነው። በመጨረሻ ተቀምጠዋል።