ነገ ሳትበላ ሂድ

ደግነት፣

ዛሬም ገና ዓይኔን ሳልገልጥ የለስላሳ ክዳን ስትከፍት ሰማሁህ። ያውም በባዶ ሆድህ።

ጎመኑን አሙቀህ ብላ፤ ቆጮው ፌስታል ውስጥ ነው። ነገ ግን ምንም ሳትቀምስ ጤና ጣቢያ ሂድ። ባጃጇን ተዋትና በእግርህ ሂድ፤ ቀኑን ሙሉ እኮ ተቀምጠህ ነው የምትውለው።

«ስኳር የሽማግሌ በሽታ ነው» ትለኛለህ። ጨለለቅቱ ሄደን አባትህን አብረን ጠይቀናቸዋል። እሳቸውም እግራቸው እስኪቆረጥ ድረስ «ምንም አላመመኝም» ይሉ ነበር። የጤና ጣቢያዋ ነርስ በዘር ይመጣል፣ ቀድሞ የተጠነቀቀ ግን ሊያመልጥ ይችላል ብላኛለች።

ቀበቶህ አልደርስ ሲልህ «ተመችቶሃል!» እያልኩ ያሳቅሁህ እኔ ነኝ። እኛ ጋ ሆድ ሲወጣ ይመሰገናል። ዝም ብል ይሻል ነበር።

ሚስትህ ብሆንም ጎትቼ አልወስድህ ነገር፣ ትልቅ ሰው ነህ።

ትናንት እኮ ጤና ጣቢያ ካርድ አውጥቼልህ አጠገቤ ተቀምጠህ ነበር። እኔ ሁለታችን አመሻሽ ላይ እስከ ጪጩ ወክ ስናደርግ በሐሳቤ እያየሁ ነበር። ነርሷ ስምህን ጠራች። ተነሳህ። ወደ እሷ የምትሄድ መስሎኝ እግሬን ሰብስቤ አሳለፍኩህ።

አንተ በውጪው በር ወጣህ።