ሞተሩ ምንም የለበትም

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬ ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ስገባ መታጠቢያው ውስጥ የሞተር ብስክሌታችን ካርቡራተር ተኝቷል። ቤንዚን ውስጥ ተዘፍዝፎ... ያውም በኔ ሳህን። ሰላጣ የማቀርብበት ሳህን።

ባሌን ከሪምን ቀሰቀስኩት። ቆሻሻው እንዲለቅ አንድ ሌሊት ይደር ብሎ ነው። እሺ፣ ሳህኑስ? ጎድጓዳ ሳህን እሱ ብቻ ነው አለኝ። መልስ ነው እንግዲህ።

ሐምሌ ላይ ከሞተሩ ከወደቀ ጀምሮ ይኸው ነው። ሞተሩ ታች ደረጃው ስር ላስቲክ ለብሶ ቆሟል፤ ባሌ በየማታው አንዳንድ ዕቃ እየፈታ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ያመጣልኛል። ያጥባል፣ ይወለውላል፣ አፍንጫው ስር አስጠግቶ ያያል፣ መልሶ ይገጥማል። "ነገ ይነሳል" ይላል። የቱ ነገ? ቤቱ ማደያ ማደያ ይሸታል። ትናንት መነጽር ቤት አንዲት ደንበኛ፣ ዓይኗን እየለካሁላት፣ የምን ሽታ ነው ብላ ዞር ዞር አለች። ከሻርፔ ነበር። ምን ልበላት?

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ተነሳ። በመጨረሻ።

ከሥራ ስመለስ ድምፁ ከግቢው በር ይሰማል። ልጆች ከበውታል። ከሪም ሳይቀመጥበት፣ ጎኑ ቆሞ ነዳጅ ይሰጠዋል፤ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው። ነገ የታክሲ ግፊያ የለ፣ ሰልፍ የለ፤ ከኋላው ተፈናጥጬ ሜክሲኮ፣ ሥራ ቦታዬ ድረስ... በልቤ ጨርሻለሁ።

አጠፋው። "ድምፁ አላማረኝም" አለ።

ምኑ? እኔ ከድሮው ልዩነት አልሰማሁም። ልጆቹም አልሰሙም። አንቺ አይገባሽም፣ ውስጡ የሆነ ነገር አለ ብሎ ካቻቢቴውን አነሳና ቁጭ አለ። እራት ቀዘቀዘ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ሰው ሊፍት ውስጥ ተቆልፎበት፣ የሊፍት ጠጋኙ ታክሲ ሰልፍ ላይ። ባሌ ማለት ነው።

ቦሌ አንድ ሕንፃ ላይ ሁለት ሰዎች ቀርተው ተደወለለት። እሱ እስኪደርስ ዘበኞቹ በሩን በብረት ፈልቅቀው አውጥተዋቸዋል። በሩም እንዳልነበር ሆኗል። ማታ አለቃው በሱፍቃድ ደወለ። ከጎኑ ነበርኩ፣ ሰማሁት። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻል ነበር። የቀጠርኩህ በሞተር ቶሎ የምትደርስ ሰው ስለሆንክ ነው፣ እስከ ጥምቀት ካልተስተካከለ ሌላ ሰው አያለሁ አለው። ከሪም "እሺ... እሺ" ብቻ።

ስልኩን ዘግቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? "የፊት ፍሬኑን ልፈትሸው።"

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

እትዬ አባዲት ከሥራ ስገባ ጠብቀው ያዙኝ። ምድር ቤት ናቸው፤ ሞተሩ የቆመው በራቸው አጠገብ ነው፣ የሚንጠባጠበው ዘይትም የሚያርፈው እሳቸው ደጃፍ ላይ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ልጄ፣ ባልሽ ይህን ነገር ይጠግነዋል ወይስ ይገንዘዋል?" አሉኝ።

ሳቅኩ። ቤት ገብቼ ግን በመስኮት አየሁት። ሲወለውለው... ላስቲኩን ሲያለብሰው... ጠርዙን በድንጋይ ሲያስይዘው። እውነትም።

እሑድ፣ ጥቅምት 30

ድሮ እሑድ ማለት ወሊሶ ነበር። ጊዜ ካነሰ ሰበታ። አምና መስከረም ላይ ቱሉ ቦሎ ስንደርስ ዝናብ ያዘን፤ በቆሎ የምትጠብስ ሴትዮ ቆርቆሮዋ ስር አስጠለለችን። ከሪም በቆሎውን ለሁለት ሰብሮ ትልቁን ለኔ ሰጠና፣ ጀኑ፣ እኔና አንቺ የምናረጀው እዚህ መንገድ ላይ ነው አለኝ። ሸርዳዳ።

ዛሬስ እሑድ ምን ሠራን? ቡሎን ፈለግን። አንድ ጎደለ ብሎ ምንጣፉን አስነሳኝ፣ አልጋውን አስገፋኝ። ተገኘ። የት? ቦርሳዬ ውስጥ። እንዴት እንደገባ እሱም አያውቅም።

ቅዳሜ፣ ህዳር 6

ትናንት ማታ ሁሉንም ገጥሞ ጨረሰ። ጨረሰ ስል አመነ ማለቴ አይደለም። "መሪው ወደ ግራ ይስባል" ብሎ ተኛ። ዛሬ ለሥራ አዳማ ሄዷል።

እኔም በቃኝ። ቁልፉን ይዤ አብነት ወረድኩ፣ ጋሽ ሚደቅሳ ጋራዥ። ድሮም ሞተሩን የሚያዩልን እሳቸው ናቸው። ለመንኳቸው፣ መጡ። ዙሪያውን አዩት፣ ተቀመጡበት፣ አስነስተው ወጡ። በጌጃ ሰፈር ዞረው እስኪመለሱ ስቀመጥ ስነሳ...

"እህቴ፣ ሞተሩ ምንም የለበትም" አሉኝ።

መሪውስ? ድምፁስ? ፍሬኑስ? ምንም። እንዲህ የተያዘ ሞተር አይቼ አላውቅም አሉ። ከዚያ ይህንኑ ነሐሴ ላይም ለከሪም እንደነገሩት ጨመሩ። የተጣመመውን መሪ አቃንተው ያስረከቡት ዕለት። እሱ ግን አስነስቶ አልሄደም። ከአብነት እዚህ ድረስ በዝናብ እየገፋ ነው ያመጣው።

እየገፋ?

ስለዚህ ያውቃል። ከነሐሴ ጀምሮ ያውቃል። ሳህኔ፣ ምንጣፌ፣ ሻርፔ... ለምን? ደሜ ፈልቷል። ይምጣ ብቻ።

እሑድ፣ ህዳር 7

ትናንት አምሽቶ ደክሞት ስለመጣ ዝም አልኩ። ዛሬ ከምሳ በኋላ አፈረጥኩት። "ሞተሩ ደህና ነው። ጋሽ ሚደቅሳ ነድተውታል።"

ማን ፈቀደልሽ ብሎ ተነሳ። ሳልኖር፣ ሳትነግሪኝ፣ ንብረቴን ለሰው... እኔም አልተውኩትም። ሥራህን ልታጣ ነው፣ ቤቱን ጋራዥ አደረግከው፣ ለምን ትዋሸኛለህ... ብዙ ተናገርኩ። ተቀመጠና እጆቹን ጉልበቶቹ መሀል ከተታቸው።

ያን የሐምሌ ቀን፣ የትከሻው አጥንት የተሰነጠቀ ቀን፣ ዝናብ አንሸራተተኝ ነበር ያለኝ። አሁን ሲነግረኝ ግን ዝናብ ብቻ አልነበረም። ከቆመ ታክሲ ኋላ አንዲት ትንሽ ልጅ ዳቦ ይዛ ሮጣ ወጣችበት። መሪውን ጠመዘዘው፣ ወደቀ። ልጅቷን አልነካትም። ዳቦዋ ኩሬ ውስጥ ወደቀ፤ አንስታ በቀሚሷ ጠርጋው ሮጠች። እሱ አስፋልቱ ላይ እንደተጋደመ ያያታል... እስክትጠፋ።

"አልነካኋትም ጀኑ። ግን ልነካት ነበር። ቁልፉን ባዞርኩ ቁጥር እሷ ናት የምትመጣብኝ።"

ምን ማለት ነበረብኝ? አይዞህ። ምንም ባልል እንኳን ጠጋ ብል። እኔ ምን አልኩ? "ታዲያ ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ወር ቤንዚን ስታስሸትተኝ የከረምከው?"

ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። ይቺ ምላሴ።

ረቡዕ፣ ህዳር 10

አንነጋገርም። ጨው አቀብዪኝ፣ በሩን ቆልፈው... ይኸው ነው። ዛሬ ምንም ዕቃ ይዞ አልመጣም። ቤቱ ሽታው ለቀቀው። ደስ ሊለኝ ሲገባ...

ቅዳሜ፣ ህዳር 13

እሸጠዋለሁ ብሎ ሰው አመጣ። አንድ ጎረምሳ። ዘሎ ተቀመጠበት፣ ማርሹን በጫማው መታ መታ አደረገ፣ መስታወቱን ወደ ራሱ አዙሮ ጸጉሩን አየበት። ደረጃው ላይ ቆሜ አያለሁ። ስረግመው የከረምኩት ብረት ነው። ይሂድልኝ ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ግን ያ ልጅ እላዩ ላይ ሲንፈላሰስ ሆዴ እምቢ አለ።

"አይሸጥም" አልኩ።

ከሪም ዞሮ አየኝ። ጎረምሳው አየኝ። እትዬ አባዲት በራቸው ላይ ሽንኩርት መላጡን ትተው አዩኝ።

"ማን ሊነዳው?" አለ ከሪም።

"እኔ።"

ከየት መጣ? አፌ ተናገረው እንጂ እኔስ አላሰብኩትም። ብስክሌት እንኳን ነድቼ አላውቅም። ጎረምሳው እየሳቀ ሄደ። ከሪም አልሳቀም። ላስቲኩን መልሶ አለበሰውና ወደ ላይ ወጣ።

ቅዳሜ፣ ታህሳስ 4

የሞተር ማሰልጠኛ ገብቻለሁ። አሰልጣኙ ፋዮ ትዕግሥተኛ ሰው ነው፤ ትዕግሥት የሌለኝ እኔ ነኝ። ፍሪሲዮኑን ስለቀው ሞተሩ ይጠፋል፣ ካልለቀቅኩት አይሄድም። ሄልሜቱ ሻርፔን ወደ ዓይኔ ይገፋዋል። ዛሬ ወደቅኩ፤ ጉልበቴ ተላጠ። አብረውኝ የሚሠለጥኑት ወንዶች ሊያነሱኝ ሲሯሯጡ ባሰብኝ። ተዉኝ፣ ራሴ እነሳለሁ።

ከሪም ጉልበቴን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። አልኮል አምጥቶ ጠረገልኝ። ተዪው ይለኛል ብዬ ስጠብቅ ወንበር ጎተተ፣ አስቀመጠኝ፣ የመጥረጊያውን እንጨት በሁለት እጄ አስያዘኝ። መሪ ነው ተባልኩ። "ፍሪሲዮኑን ቀስ... ቀስ... አትጣይው እንጂ። እንደገና።" እራት እስኪደርስ ወንበር ነዳሁ። ፋዮ እንኳን እንዲህ አላንገበገበኝም።

ሰኞ፣ ታህሳስ 6

ዛሬ ሞተሩ አልጠፋብኝም። ለከሪም አልነግረውም፣ ይኮራል።

ማክሰኞ፣ ጥር 5

መንጃ ፈቃዴን ተቀበልኩ። ፎቶው ላይ የተቆጣሁ እመስላለሁ። ነኝም።

ዓርብ፣ ጥር 8

ጁምዓ ስለሆነ ለምሳ ቤት ነበርን። ስልክ ተደወለ። ሳር ቤት አካባቢ አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን ሊፍት ውስጥ ቀርተዋል፣ የልብ ሕመም አለባቸው። ከሪም ጫማውን እያሰረ ታክሲ ይገኝ ይሆን ይላል። በዚህ ሰዓት? ቁልፉን አነሳሁ። "ና ውረድ" አልኩት።

እውነት ለመናገር የሚመጣ አልመሰለኝም። መጣ። ሄልሜቱን አሰረ፣ ፈታ፣ እንደገና አሰረ። ከኋላዬ ተቀምጦ ወገቤን ሲይዝ የጎድን አጥንቴ የተሰበረ መሰለኝ። ቢስሚላህ ብዬ ወጣሁ።

መንገዱን ሙሉ ጆሮዬ ስር... ፍሬን ያዢ፣ ግራሽን እዪ፣ ታክሲው ሊቆም ነው፣ ሰው አለ፣ ሰው አለ። እያየሁ ነው እለዋለሁ። አያምንም። ሜክሲኮ ላይ አንድ ረዳት አንገቱን ከታክሲ አውጥቶ፣ እህቴ፣ ወዴት ነው የምትወስጂው ብሎ ሳቀብን። ከሪም አልሰማውም። ፊቱን ጀርባዬ ላይ ቀብሮ ነበር። ቆይ፣ ፊቱን ቀብሮ እንዴት ነው ፍሬን ያዢ የሚለኝ?

ደረስን። ደረጃውን በሩጫ ወጣ። እኔ ታች ቀረሁ። ቆይቶ የሊፍቱ በር ተከፈተ፤ ሽማግሌው በላብ ተጠምቀው፣ የሰው ክንድ ይዘው ወጡ። ውሃ ጠየቁ። ከሪም እጁ ግራሶ ብቻ ሆኖ ከላይ ወረደ፣ ሰውዬውን ሲጠጡ አየና ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ብዙ ቆየ። ከዚያ በሱፍቃድ ጋ ደውሎ "ደርሻለሁ" አለው።

ስንመለስም ያው ነው። ፍሬን ያዢ።

ሐሙስ፣ ጥር 21

እኔ የመነጽር ቤት ሠራተኛ ነኝ ወይስ የሊፍት አምቡላንስ? ጥምቀት አለፈ፣ በሱፍቃድ ዝም አለ፣ እሰየው። ግን ዛሬም ደንበኛ ፊቴ ቁጭ ብላ ከሪም ደወለ። ጥሪ አለ፣ መምጣት ትችያለሽ ወይ ይለኛል። አልችልም። ስንት ቀን ከሥራ እየወጣሁ? እኔስ አለቃ የለኝም?

ማታ ነገርኩት። አልተቆጣሁም፣ በቀስታ ነው የነገርኩት። ከኋላ ሆነህ መኖር አትችልም አልኩት። "አውቃለሁ" አለ። ዓይኖቹን አየሁና ሌላውን ተውኩት። አንዳንድ ነገር ሳይባል ይሻላል መሰለኝ... እየተማርኩ ነው።

እሑድ፣ የካቲት 1

ሰበታ ደርሰን መጣን። እኔው ነድቼ። አየሩ ቀዝቃዛ፣ መንገዱ ጭር ያለ። ምን ዋጋ አለው፣ ከኋላ ያለው ሰውዬ አያርፍም። አህያ አለች፣ አየሻት? ጉድጓዱን እለፊው። ለምን ቀነስሽ? ለምን ጨመርሽ? መመለሻ ላይ ሁለተኛ አልወስድህም ብዬ ምዬ ነበር።

ግቢያችን በር ላይ ስንደርስ ትከሻዬን ነካኝ። "እስኪ ልያዘው" አለ።

ከበሩ እስከ ደረጃችን ስንት እርምጃ ነው? ወረድኩ። ወደ ፊት ተሳበ። እጁ ቁልፉ ላይ ቆየ። አልቸኮልኩበትም። ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ነበሩ፤ ጥግ እንዲይዙ ለመናቸው። አንድ በአንድ አያቸው። እንደገና አያቸው። ከዚያ አስነስቶ ፍሪሲዮኑን ለቀቀው።

አንደኛ ማርሽ። እግሮቹ መሬት እየጎተቱ። በእግሬ ከጎኑ እየሄድኩ ቀደምኩት። አፌ ላይ ደርሶ ነበር... እግርህን አንሳ፣ ነዳጅ ስጠው... ዋጥኩት።

ደረጃው ስር ደርሶ አጠፋው። ሄልሜቱን ሲያወልቅ ጸጉሩ ውሃ የፈሰሰበት ይመስላል። ነገ ጠዋት መንገዱ ሳይጨናነቅ ሜክሲኮ አደርስሻለሁ አለ። ሄልሜቱን እያገላበጠ፣ "እንሞክራለን ማለቴ ነው" አለ። እሺ አልኩት።

ታዲያ አጣሞ ነው ያቆመው። የኋላ ጎማው የእትዬ አባዲትን በር ዘግቶ። እሳቸው ብቅ ብለው ጎማውን አዩ፣ እሱን አዩ፣ እኔን አዩ። ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው በጎን ተሹለክልከው ወጡ። እኔም አፌን ዘጋሁ።