ስለ ገደሉ መስታወትና ስለ ጌጡ ጉሮሮ

ለተከበሩ የገጠር ስልክ ማዳረሻ ፕሮጀክት ኃላፊ
ባሉበት

ትናንት ታኅሣሥ 20 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የዝግባ ገደል ጤና ኬላ ሠራተኛ መሲ ከራቤል ከተማ አምቡላንስ ለመጥራት አሥራ አንድ ጊዜ ደወለች፤ አንዱም አልገባም። ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ እንደምን ሰንብተዋል? በመጀመሪያው ጥሪ ስልክ በሚገባበት ስፍራ እንደሚኖሩ አምናለሁ፤ እግዚአብሔር ከዚያ አያርቅዎ።

ደም ፈሷት አምቡላንስ የተፈለገላት ልጄ ጥሩሸዋ ናት፤ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። ስለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1. ሸንተረሩ ላይ የነበረው ሪፒተር ከከተማው ማማ የሚመጣውን ሞገድ ተቀብሎ፣ በራሱ ኃይል አጠንክሮ ወደ ቆላችን ይልክ ነበር። በክረምት ደመና ባትሪው ስለሚደክም ሐምሌና ነሐሴን ዝም ይል እንደነበር አልክድም። በጥቅምት ነቅላችሁ ከዚህ መጉላላት ስለገላገላችሁን እናመሰግናለን፤ አሁን ዝምታው በጋ ከክረምት ሆኗል።

2. በምትኩ ገደሉ ላይ የተተከለው፣ መስታወት የምትሉት ሰሌዳ ሞገዱን አቅጣጫ አስይዞ ይመልሳል እንጂ ከራሱ ኃይል አይጨምርም፤ ስለዚህም ቀለብ የማይሻ ሠራተኛ መሆኑን መሐንዲስዎ አስረድተውናል። የደብራችን ቄስ አባ ወልደ ጻድቅ ይህማ የገደል ማሚቶ አይደለም ወይ፣ ማሚቶ የጮኹለትን አሳንሶ እንጂ መቼ አብዝቶ መልሶ ያውቃል ብለው ጠየቁ። መሐንዲሱም ስፋቱ የአውድማ ያህል ከሆነ ሪፒተሩን ይተካከላል ሲሉ በሐቅ መለሱ። የመጣልን በር ያህላል። ሸክሙ እንዳይከብደን ስለታሰበልን ምስጋናችን ወሰን የለውም።

3. መስታወቱ ሞገዱን ሰው ወዳለበት እንደሚያዞር ተነግሮን ነበር። በምረቃው ዕለት ወደ እንግዶቹ ድንኳን ተስተካክሎ፣ ክቡርነትዎ ወደ ቤትዎ ሲደውሉ አጨብጭበናል። ድንኳኑ ከተነሣ ሁለት ወር ሆነው። ስልክ የሚሠራው ዛሬም እዚያው ባዶ ሜዳ ላይ፣ ከጤና ኬላው የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ ነው።

ስለዚህ ትናንት የአያቶቻችንን ዘዴ ያዝን። ጎረቤታችን ጌጡ ሸንተረሩ ላይ ወጥቶ ጮኸ፤ ከማዶ ተገኘ የሚባለው ሰው ሰምቶ፣ ቃሉን መልሶ አረጋግጦ፣ በራሱ ትንፋሽ ለሦስተኛው ሰው አቀበለ፤ ሦስተኛው ለከተማው። በአርባ ደቂቃ አምቡላንሱ ከገደሉ አፋፍ ደረሰ፤ ጥሩሸዋን በቃሬዛ አወጣናት፤ ከተማው ሐኪም ቤት ደርሳም ደሙ ቆመ። የእናቶች ማቆያው አልጋ ሞልቷል፤ በከተማው የሚያስጠጋን ዘመድ የለንም። አልጋ እስኪለቀቅ ቤቷ ትቆይ፣ ደሙ ከተመለሰ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ እንዳትዘገዩ ተብለን ተመለስን። ከተቀመጠችበት በተነሣች ቁጥር መጀመሪያ የማየው መቀመጫውን ነው።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለስልክዎም የማይቋረጥ መስመር እየተመኘሁ፣ ደጅዎ ለመድረስ መንገድ እንጂ አክብሮት ያላጠረኝ፣

አመተሥላሴ መልከ ጼዴቅ
ከዝግባ ገደል፣ ግሼ

ማስታወሻ፦ ጌጡ ከትናንቱ ጩኸት ወዲህ ድምፁ ተዘግቷል፤ ለእርሱ መለዋወጫ ካላችሁ ቢላክልን። መሲ ካርዱ ላይ የጻፈችው የመውለጃ ቀን ጥር 6 ነው። ሪፒተሩ ይመለስ ባልነው ማመልከቻ ላይ ኮሚቴዎ የሚወስነው ጥር 14 ቀን ነው።